ከመሥሪያ ቤት ሆኖ የቤትን ኮምፒዩተር ስለ መክፈት

በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ ለሚያገለግሉ የግብርና ሹማምንት መስከረምና ጥቅምት ፋታ የማይሰጡ ወራት ናቸው። ሰሊጥ ደርቆ አፉን ከከፈተ ፍሬው ይረግፋልና፥ ከደጋ የሚወርደው የአጨዳ ሠራተኛ ቍጥርና የእርሻው መዝገብ በጊዜው መገኘት አለበት። አንድ ሠራተኛ በመተማ ዮሐንስ ሲሠራበት ያመሸው መዝገብ በቤቱ ኮምፒዩተር ቀርቶ እርሱ በማግሥቱ ገንዳ ውኃ ካለው ጽሕፈት ቤት ቢገኝ፥ በርቀት ሊከፍተው ይወዳል፤ ነገር ግን የመሥሪያ ቤቱ መስመር አያሳልፈውም። ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው።

የመሥሪያ ቤት መስመር እንደ ኬላ ነው። ወደ ጋላባት የሚሻገር ጭነት በታወቀው በር ተፈትሾ እንደሚያልፍ፥ ፋየርዎል የሚባለው ጠባቂም መልእክትን በቍጥር በታወቁ በሮች ብቻ ያሳልፋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈቱት ለድረ ገጽ የተመደቡት 80 እና 443 ናቸው። የሩቅ ኮምፒዩተር ገጽ የሚታይበት 3389፥ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ1995 በፊንላንድ የተፈጠረው ኤስ ኤስ ኤች የሚያልፍበት 22 ግን ይዘጋሉ። በቤት በኩልም ሌላ ዕንቅፋት አለ፤ የቤት ኮምፒዩተር ብዙ ጊዜ ከራውተር በስተኋላ ተሰውሮ ስለሚኖር፥ ከውጭ የሚመጣ ጥሪ አያገኘውም።

መፍትሔው ጥሪውን መገልበጥ ነው። ይኸውም የቤቱ ኮምፒዩተር አስቀድሞ ራሱ ወደ ውጭ ለአንድ አማካኝ ኮምፒዩተር ይደውላል፤ መስመሩንም ከፍቶ ይጠብቃል። ሠራተኛውም በ443 በኩል ወደዚያው አማካኝ ሲደርስ ኹለቱ በዚያ ይገናኛሉ። ቲም ቪወርና ኤኒ ዴስክ የሚባሉት መሣሪያዎች በዚህ መንገድ ይሠራሉ።

ይሁን እንጂ ሠራተኛው የሚያልፍበት መንገድ ሌባንም ያሳልፋል። የቤቱ ኮምፒዩተር ቫይረስ ይዞት እንደ ሆነ፥ ቫይረሱ ከመዝገቡ ጋር ተሸሽጎ ኬላው ሳያየው ወደ መሥሪያ ቤቱ ይገባል። ወረዳ ኔት በ1990ዎቹ ዓ.ም. የተዘረጋው ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር ለማገናኘት ነበር፤ እንዲህ ባለ መረብ የአንዱ ወረዳ ቀዳዳ የብዙዎች ቀዳዳ ይሆናል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958/2008ም ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን ይቀጣል።

ስለዚህ አስቀድሞ የመስመሩን ኃላፊ በጽሑፍ ፈቃድ መጠየቅ ይገባል። ሲፈቀድም ረጅም የይለፍ ቃልና ኹለተኛ ማረጋገጫ ማኖር፥ ሥራው ሲፈጸምም መስመሩን መዝጋት ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚሻለው ግን የሚፈለገው አንድ መዝገብ ብቻ ሲሆን፥ ኮምፒዩተሩን በሙሉ ከመክፈት ይልቅ የመዝገቡን ግልባጭ በመሥሪያ ቤቱ ማኖር ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የእጅ ስልክ ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ እንደ ታየው፥ መስመር ሊቋረጥ ይችላል፤ የቤት መብራትም ይጠፋል። ሰሊጥ ግን መስመር እስኪመለስ አይጠብቅም።