ርካሹ ፊልም ሲመሽ ለምን ይለግማል?

ሳሊተ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት፣ አመሻሽ ላይ፣ ካሜራችሁን ትራይፖድ ላይ አቁማችኋል እንበል። ውስጡ ያለው 120 የሚባለው ሰፊው ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፤ በ6×6 ካሜራ 12 ፎቶ ብቻ ያነሳል፣ ስለዚህ አንዱም ሲበላሽ ያናድዳል። የብርሃን መለኪያው «10 ሰከንድ» አለ።

ቀን ላይ ርካሹን የቼክ ፎማፓን 100 ከውዱ የእንግሊዝ ኢልፎርድ ዴልታ 100 መለየት ቀላል አይደለም። አሁን ግን በአምራቾቹ መረጃ መሠረት ዴልታ 18 ሰከንድ ገደማ ሲበቃው፣ ፎማፓን 80 ይፈልጋል!

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊልሙ ላይ ያለች የብር ጨው ቅንጣት በአንድ ፎቶን ብቻ ምስል አትይዝም፤ ቶሎ ቶሎ የሚከታተሉ ጥቂት ፎቶኖች ያስፈልጓታል። የመጀመሪያው ፎቶን የፈጠረው የብር አቶም ብቻውን ብዙ አይቆይም፤ ሌላ ካልደረሰለት ይፈርሳል። ብርሃኑ ሲደክም ፎቶኖቹ ይዘገያሉ፣ ሥራው እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። ፎማፓን በዚህ በኩል በጣም ይጎዳል።

በሩ ላይ ቆሞ የሚጸልይ ሰው 18 ሰከንድ ሳይንቀሳቀስ ሊቆይ ይችላል። 80 ሰከንድ ግን? ግንቡ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ሰውየው ጭጋግ ይሆናል። እኔ ቀን ቀን ፎማፓንን በደስታ እጠቀማለሁ፤ ለምሽት ግን ገንዘቤን ዴልታ ላይ አወጣለሁ።