ከሞግዚት ወደ አጋዥ፦ ስልሳ ዓመት ያስቆጠረ ጉዞ

በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውስጥ የሚከነክነኝ አንድ ድንጋጌ አለ። የነዋሪው ቁጥር ከሁለት ሺህ በሚያንስበት አካባቢ፣ አንድን ሰው በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት ቤተሰቡ እየጠበቀ እንደ ልቡ እንዳይንቀሳቀስ የሚከለክለው ከሆነ፣ እብደቱ በግልጽ የታወቀ ነው ተብሎ ይቆጠራል። የሐኪም ወረቀት አይጠየቅም፤ በር መዘጋቱ ራሱ ማስረጃ ነው። ፍርድ ቤት በራሱ ጉዳይ እንዳይወስን ከከለከለው ደግሞ ንብረቱን የሚያስተዳድረው ሞግዚት ነው፤ ያለ ዳኛ ፈቃድም ማግባት አይችልም። ሐሳቡ ሰውየውን ከአታላይ መጠበቅ ነበር። የዚያን ጊዜው የአውሮፓ ሕግም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ለውጡ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1989 ሰውን በፍርድ «ችሎታ የለውም» ማለትን አስቀረች። የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ1996 ባወጣችው ሕግ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ሰው የሚያምነውን አጋዥ በስምምነት እንዲመርጥ ፈቀደች። በ2006 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን ደግሞ በ12ኛው አንቀጹ ጥያቄውን ገለበጠው፤ «መወሰን ይችላል ወይ?» ቀርቶ «ለመወሰን ምን እገዛ ይፈልጋል?» ሆነ።

የጥያቄው መለወጥ በአንድ ሰው ሕይወት ላይ ምን እንደሚያመጣ በጄኒ ሃች ታሪክ ይታያል። ጄኒ ዳውን ሲንድሮም ያለባት የአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ነዋሪ ናት። ያገለገሉ ዕቃዎች በሚሸጡበት ሱቅ ትሠራ ነበር፤ የሱቁ ባለቤቶችም ወዳጆቿ ሆነው ቤታቸው ተቀብለዋት ነበር። ሞግዚት ሲሾምባት ግን ከሥራዋም ከወዳጆቿም ተለይታ በእንክብካቤ ቤት እንድትኖር ተደረገ፤ ስልኳንና ላፕቶፗን ተነጠቀች። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2013 ላይ፣ በ29 ዓመቷ፣ ዳኛው ከመረጠቻቸው ወዳጆቿ ጋር እንድትኖር ወሰኑ። ወዳጆቿም ሞግዚት የሆኑት ለአንድ ዓመት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ በእነሱ እገዛ ራሷ እንድትወስን ነበር የታሰበው። እኛስ ቤት ስንገዛ ጠበቃ፣ ስንታመም ሐኪም እናማክር የለም ወይ? ስላማከርን መብታችንን የሚነጥቀን የለም።

ከዚህ ወዲህ ፍጥነቱ ጨመረ። ቴክሳስ እ.ኤ.አ. በ2015 የድጋፍ ስምምነትን በሕግ በማወቅ ከአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ቀዳሚ ሆነች። ፔሩ በ2018፣ ኮሎምቢያ በ2019 አዋቂ አካል ጉዳተኞችን በፍርድ መከልከልን ሻሩ። አየርላንድ የ1871ን ሕግ የሚተካ አዋጅ በ2015 ብታወጣም በሥራ ላይ የዋለው በ2023 ነው፤ ያውም ፍርድ ቤት የሚሾመውን ወሳኝ ጨርሶ አላስቀረችም። ይህ ቀዳዳ እንዳይሰፋ እሰጋለሁ። ሌላ አማራጭ ላጣ ሰው ተብሎ የተተወ በር፣ ለሥራ ይቀላል ተብሎ የሁሉም መግቢያ ሊሆን ይችላል።

ኢትዮጵያ ኮንቬንሽኑን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ድንጋጌዎች ግን እዚያው ናቸው። እህት ወንድሟን ባንክ ይዛ ሄዳ፣ ቅጹን በቀላል ቋንቋ አስረድታው፣ የሚፈልገውን ጠብቃ ብትሰማው ማንም ነውር አይለውም። ሕጉ የሚያውቃት ግን ወኪሉ ወይም ሞግዚቱ ከሆነች ብቻ ነው፤ አጠገቡ ተቀምጣ ለምታግዘው እህት የሚሰጥ ወረቀት የለም። የኮሎምቢያ ሕግ ይህን ወረቀት አዘጋጅቷል፤ በኖተሪ ፊት የሚፈረም፣ ከአምስት ዓመት የማይዘል ስምምነት ነው። ፊርማ የሚያረጋግጡ የውልና ማስረጃ ቢሮዎች እኛም አሉን፤ የጎደለው ይህን ስምምነት የሚያውቅ ድንጋጌ ነው።