ሙዚቃ ለቤቱ ሁሉ፣ ኢንተርኔት ባይኖርም

ዲላ ከተማ ውስጥ የአንድ ቤተሰብን ሙዚቃ አንድ ላይ ልሰብስብ የሚል ሰው ሥራ ይበዛበታል። የእናትየዋ መዝሙር ስልኳ ሚሞሪ ላይ ነው። የአባትየው ጥላሁን ገሠሠና መሐሙድ አህመድ በካሴት ካርቶን ውስጥ ተቀምጠዋል። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጅ ዘፈኗን በላፕቶፗ ይዛለች፤ ታናሽየው ሙዚቃ ቤት ያስጫነው ፍላሽ አለው። ስልክ ሲሰረቅ፣ ፍላሽ ሲጠፋ፣ ካሴት ሻጋታ ሲይዘው ከእነዚህ አንዱ ላይመለስ ይሄዳል። ሁሉንም በአንድ ቦታ ይዞ ለቤቱ ሰው በዋይፋይ የሚያደርስ ዕቃ ግን አለ፤ ዋጋው ቀላል ስላልሆነ ሳያውቁት መግዛት አይገባም።

ዕቃው የኔትወርክ ሃርድ ዲስክ ነው፤ የኮምፒውተር ነጋዴዎች ናስ ይሉታል። መዝገበ ቃላት የሚያክል ሳጥን ነው፤ ስክሪንም ኪቦርድም የለውም። ውስጡ አነስተኛ ኮምፒውተርና አንድ ወይም ሁለት ሃርድ ዲስክ አለ። በኔትወርክ ገመድ ከራውተሩ ጋር ይያያዝና ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን፣ መኝታ ቤት ያለው ስልክ ወይም ዋይፋይ የሚቀበል ስፒከር ዘፈን ሲጠይቀው ይልካል። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ የተለያየ ነገር ቢያደምጡ አይቸገርም። ሶኒና ኢንቴልን ጨምሮ ብዙ ኩባንያዎች በ2003 እ.ኤ.አ. ኅብረት አቋቁመው ዲኤልኤንኤ የተባለ የጋራ ደንብ ስላወጡ፣ የአንዱ ፋብሪካ ቴሌቪዥን የሌላውን ፋብሪካ ሳጥን ያነባል። ከሳጥኖቹ በስፋት የሚታወቁት የታይዋኖቹ ሲኖሎጂና ኪውናፕ ናቸው።

ብዙ ሰው ኔትወርክ ሲባል ኢንተርኔት ይመስለዋል። ሳጥኑ ግን ዘፈኑን እዚያው ቤት ውስጥ ነው የሚያመላልሰው፤ ዳታ አይቆጥርም፣ ፓኬጅ አይጨርስም። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ፣ ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ መገደል በኋላ፣ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቆይ በኢንተርኔት ላይ የተመሠረተ ማዳመጥ ሁሉ ቆመ። በዚያን ጊዜም ቢሆን በቤት ራውተርና በሳጥን መካከል ያለው መስመር ኤሌክትሪክ እስካገኘ ድረስ የሚሠራ ነው። ይህን ስል እንደ አውታር ያሉ የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያዎችን መተው ይገባል ማለቴ አይደለም። የሙዚቃ አቀናባሪው ኤልያስ መልካና ባልደረቦቹ በ2011 ዓ.ም. አውታርን የጀመሩት የሙዚቀኛው ድካም ገንዘብ ሆኖ እንዲደርሰው ነው፤ አዲስ አልበም ከእንዲህ ያለ ቦታ ሊገዛ ይገባዋል። የሳጥኑ ሥራ ቤት ውስጥ ያለውን ማቆየት ነው።

ምን ያህል ቦታ ይበቃል? የሲዲ ጥራት ያለው ድምፅ ሳይጨመቅ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። ፍላክ የሚባለው አጨማመቅ ከድምፁ ምንም ሳይቀንስ ወደ ግማሽ ገደማ ያወርደዋል። የአንድ ሰዓት አልበም በፍላክ 350 ሜጋባይት አካባቢ ነው ብንል፣ 1 ቴራባይት ዲስክ ከ2,500 በላይ አልበም ይይዛል። ሙዚቃ ቤት ፍላሽ ላይ የሚጫነው ኤምፒ3 ከዚያ በብዙ ያንሳል። ለአንድ ቤተሰብ 2 ቴራባይት ከበቂ በላይ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚከፈለው ለፊልም ነው። ስለ ፍጥነትም ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም፤ የሲዲ ድምፅ በሰከንድ 1.4 ሜጋቢት ብቻ ስለሚፈልግ ያረጀ ዋይፋይም ይሸከመዋል። ሻጭ ስለ ፕሮሰሰርና ስለ ራም ሲያወራ ለቪዲዮና ለቢሮ የሚሆነውን እየተናገረ ነው።

ዲላ ላይ ምርጫውን የሚወስነው መብራት ነው። ሃርድ ዲስክ እየጻፈ ሳለ መብራት ድንገት ሲጠፋ የሚበላሸው የሚጻፈው ፋይል ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ዲስኩ የት ምን እንዳለ የሚያውቅበት ማውጫ ሊዛባና ስብስቡ በሙሉ አልከፈት ሊል ይችላል። መብራቱ ሲመለስ ደግሞ ከፍ ብሎ የሚመጣ ኃይል አስማሚውን ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ በመጀመሪያ የሚጠየቁት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሳጥኑ በዩኤስቢ ገመድ ከዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ከሚተካው ባትሪ) ጋር ተነጋግሮ ባትሪው ሳያልቅ ራሱን በሥርዓት ይዘጋል ወይ? መብራት ሲመለስስ ሰው ሳይነካው ይነሣል ወይ? ሁለተኛው ቀላል ቢመስልም፣ ሳጥኑ ራሱ ካልተነሣ ቁልፉን የሚጫነው ልጅ ትምህርት ቤት በዋለበት ቀን እናትየዋ መዝሙሯን አታገኝም።

ባለ አንድ ዲስክ ሳጥን 10 ዋት ገደማ ይበላል፤ ቀን ከሌት ቢበራ በወር 7 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ሳጥኑና ራውተሩ አብረው 25 ዋት ቢፈልጉ አንድ ተራ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ባትሪው ጤነኛ ከሆነ አንድ ሰዓት ያህል ሊያቆያቸው ይችላል። ራውተሩ ከዩፒኤሱ ውጭ ከቀረ ሳጥኑ ቢበራም ዘፈኑ መንገድ አያገኝም፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። ስታቢላይዘር ኃይሉን ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ አይተካም። ዲላ ያለችበት ጌዴኦ በዓመት ሁለቴ የሚዘንብበት አገር ስለሆነ መብረቅም ሊታሰብ ይገባል። ኢንተርኔቱ በስልክ መስመር የሚገባ ከሆነ መብረቁ በዚያው ሽቦ ገብቶ ራውተሩንም ሳጥኑንም ሊመታ ስለሚችል፣ ነጎድጓድ ሲጀምር ሶኬቱን ብቻ ሳይሆን የስልክ ገመዱንም መንቀል ነው። ዘመድ ከውጭ የሚልከው ሳጥን ከሆነ አስማሚው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል መጻፉ ይታይ። ሳጥኑን ቡፌ ውስጥ መዝጋት ደግሞ እርጥበትንም ሙቀትንም ያሳድርበታል፤ አየር የሚያገኝ መደርደሪያ ይሻለዋል።

ሻጮች ባለ ሁለት ዲስክ ሳጥን ያስመርጣሉ። ሁለተኛው ዲስክ የመጀመሪያውን እየተከተለ ያንኑ ይጽፋል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ይቀጥላል። መልካም ነገር ነው፤ ግን አንድ ሰው በስህተት አንድ ፎልደር ቢያጠፋ ከሁለቱም ላይ ይጠፋል፣ ሌባ ሁለቱንም ይወስዳል፣ መብረቅም ሁለቱን አይለይም። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ የእኔ ምርጫ ባለ አንድ ዲስክ ሳጥንና ለብቻው የሚቀመጥ የዩኤስቢ ሃርድ ዲስክ ነው። ሁለት ዲስክ የሚያስገባ ሰው የዲስኩን ዓይነት ይጠይቅ። በ2020 እ.ኤ.አ. ዌስተርን ዲጂታል ለናስ ብሎ ከሚሸጣቸው ሬድ ዲስኮች አንዳንዶቹ የመጻፊያ መስመሮቻቸው የተደራረቡ መሆኑ ሲታወቅ ገዢዎች ተቆጥተው ነበር፤ እንዲህ ያለው ዲስክ የሞተ ጓደኛውን ለመተካት ሲሞላ እጅግ ይዘገያል። ያገለገለ ዲስክ ሲገዛም ስንት ሰዓት እንደ ሠራና የተበላሸ ቦታ እንዳለው በነፃ ፕሮግራም ማየት ይቻላል፤ ሻጩ ይህን ከከለከለ ትቶ መሄድ ነው።

ሳጥን ለመግዛት አቅም የሌለው ቤት ሁለት ሌሎች መንገዶች አሉት። አንዳንድ ራውተሮች የዩኤስቢ ቀዳዳ ስላላቸው ሃርድ ዲስክ ሲሰካባቸው ዘፈኑን ለቤቱ ያካፍላሉ፤ ፍለጋቸው ቀርፋፋ ቢሆንም ለመጀመር ይበቃል። የምወደው ሁለተኛውን ነው። ስክሪኑ የተሰበረ ወይም ኪቦርዱ የማይሠራ አሮጌ ላፕቶፕ ባትሪው ደህና ከሆነ ከማንኛውም ሳጥን ጋር የማይመጣ ነገር ይዟል፤ ዩፒኤሱ ውስጡ ነው። ሊኑክስ የተባለውን ስርዓተ ክወና ጭኖ ጄሊፊን ወይም ናቪድሮም የተባለውን ነፃ የሙዚቃ ማካፈያ ፕሮግራም ማስገባት፣ ክዳኑ ሲዘጋም እንዳይተኛ ማድረግ ነው። የዲላ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪ ይህን በአንድ ቅዳሜ ይጨርሰዋል።

ከሁሉ ይበልጥ የማስበው ስለሚገባበት ሙዚቃ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አምሃ እሸቴ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሳተማቸው ሸክላዎች በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት፣ ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ፣ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ እንደገና ወጥተው ዓለም ሰማቸው። በጌዴኦኛ የተዘፈነና የተዘመረ ካሴት ግን እንዲህ ያለ ሰብሳቢ እስኪመጣለት ካርቶን ውስጥ ሊጠብቅ አይገባም፤ ቴፑ እስከዚያ አይቆይም። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በጌዴኦ የደራሮ በዓል የሚዜመው፣ የሽማግሌ ድምፅ በስልክ የተቀዳው ግን ያለው በየቤቱ ነው። የሚሠራ የካሴት ዴክ ተፈልጎ ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ በገመድ ወደ ኮምፒውተር ድምፅ ማስገቢያ ይያያዝ፤ ኦዳሲቲ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይቀዳዋል። ካሴቱን መጀመሪያ እስከ መጨረሻ አጠንጥኖ መመለስ የተጣበቀውን ያላቅቃል፤ የዴኩን ራስ በአልኮል መጥረግ ድምፁን ያጠራዋል። በፍላክ ይቀመጥ፤ ኤምፒ3 ያደረጉት ቆይቶ ወደ ቀድሞው አይመለስም። የ1996ቱ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ግለሰብ ለራሱ አገልግሎት አንድ ቅጂ እንዲያወጣ ይፈቅዳል፤ ያንን ፍላሽ ላይ አባዝቶ መሸጥ ግን የሙዚቀኛውን እንጀራ መውሰድ ነው።

ስም አጻጻፍ ላይ ቤተሰቡ አስቀድሞ ይስማማ። ፕሮግራሙ መሐሙድን፣ ማህሙድንና መሀሙድን ሦስት ሰው አድርጎ ይደረድራቸዋል፤ የጌዴኦኛውንም አንዱ በላቲን፣ ሌላው በፊደል ከጻፈው ግማሹ አልበም ይጠፋል። ፍላክ የግዕዝ ፊደልን ያለ ችግር ይይዛል፤ ፋይሉ ላይ የዘማሪው ስም፣ የተቀዳበት ቀበሌና ዓመት አብሮ ይጻፍ፤ ያንን የሚያስታውሱት አባትና እናት ዛሬ አጠገብ አሉ።

ሁለተኛው ቅጂ ከሳጥኑ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አይደር። የዩኤስቢ ሃርድ ዲስኩ በየወሩ ተሰክቶ አዲስ የገባው ይገለበጥበት፤ ከዚያ ተነቅሎ ይርጋጨፌ ያለ አጎት ቤት ወይም ሐዋሳ ያለች እህት ዘንድ ይቀመጥ። በዓመት አንዴ እዚያው ሌላ ላፕቶፕ ላይ ተከፍቶ ጥቂት ዘፈን እስከ መጨረሻ ይደመጥ፤ ካልተከፈተ ሌላ ዲስክ ገዝቶ ሳጥኑ ጤነኛ ሳለ እንደገና መገልበጥ ነው።