ከሩንዳ አጥር ማዶ
ሩንዳ የናይሮቢ ባለጠጎችና ዲፕሎማቶች ሰፈር ነው። ግቢው ሰፊ፣ ዛፉ ጥቅጥቅ ያለ፣ መግቢያው ዘበኛ የቆመበት፤ የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ያለበት ጊጊሪም ጎረቤቱ ነው። ሌላም ጎረቤት አለው፤ ጊቶጎሮ የሚባል የቆርቆሮ ቤቶች መንደር። ከዚያ በማለዳ የሚወጡ ብዙ እናቶች ሩንዳ ገብተው ምግብ ያበስላሉ፣ ልብስ ያጥባሉ፣ የሰው ልጅ ይይዛሉ። የእነሱስ ልጅ በዚያ ሰዓት የት ይውላል? ማን ያነብለታል?

ሕጉ ኃላፊውን ለይቷል። በ2010 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት የቅድመ መደበኛ ትምህርትን ለካውንቲ መስተዳድሮች ሰጠ። ከ2017 ጀምሮ የተዘረጋው ሥርዓተ ትምህርትም ከአንደኛ ክፍል በፊት ፒፒ 1 እና ፒፒ 2 የተባሉ ሁለት ዓመታት አሉት፤ የእኛን “ኦ ክፍል” ያስታውሳሉ። በተጨናነቁት መንደሮች ግን ብዙ ሕፃናት የሚውሉት አንዲት ሴት በቤቷ በከፈተችው ማቆያ ነው። ኪዶጎ የተባለው ማኅበራዊ ድርጅት ብልህነቱ እዚህ ላይ ይታያል። በየቦታው አዲስ ሕንፃ ከማቆም ይልቅ እነዚህኑ ሴቶች ያሠለጥናል፤ ሥራው የራሳቸው እንደሆነ ይቀራል። ልጁ የሚሰማው ተረት ከምታውቀው ሴት አፍ ይወጣል፤ ለእኔ ይህ ከመጽሐፍ መደርደሪያ ይበልጣል።

መደርደሪያውን የያዘው ቡክ በንክ የተባለው ድርጅት ነው። ደራሲዋ ዋንጂሩ ኮይናንጌና አሳታሚዋ አንጄላ ዋቹካ በ2017 መሠረቱት። መሀል ከተማ ያለው የማክሚላን ቤተ መጻሕፍት በ1931 ሲከፈት የነጮች ነበር፤ ጥቁሩ የከተማው ነዋሪ እንዲገባ የተፈቀደለት ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ነው። ሁለቱ ሴቶች ከካውንቲው ጋር ተስማምተው እሱንና በካሎሌኒና በማካዳራ ያሉትን ቅርንጫፎች ለማደስ ተነሡ። ቅርንጫፎቹ ታድሰው ተከፈቱ፤ ልጆችም የራሳቸው ማንበቢያ ቦታ አገኙ። ሕንፃው የሕዝብ፣ ገንዘቡ የለጋሽ፣ ሥራው የማኅበር ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል አይቆምም ነበር።

ስቶሪሞጃ የተባለው የአገሬው አሳታሚ ደግሞ ድርጅቶችንና ግለሰቦችን አስተባብሮ ለትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት የማቋቋም ዘመቻ አካሂዷል። መጽሐፍ ሻጭ ራሱ አንባቢ ለማፍራት መነሣቱን ጥቅም ፍለጋ ነው የሚል ይኖራል። ይሁን፤ ጥቅሙ ከልጁ ጥቅም ጋር እስከተገጣጠመ ድረስ ችግሩ አይታየኝም። ይልቅ የሚያሳዝነው የ2013ቱ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሕግ መጻሕፍት ላይ 16 በመቶ መጣሉ ነው። የጊቶጎሮ እናት ስትገዛ ትከፍላለች፣ በበጎ ፈቃድ የሚገዛው ድርጅትም እንዲሁ።

መጽሐፍ የማደል ሌላ መንገድም አለ። አሜሪካ ውስጥ ዘፋኟ ዶሊ ፓርተን በ1995 የጀመረችው መርሐ ግብር ከልደት እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ በየወሩ አንድ መጽሐፍ በፖስታ እስከ ቤቱ ድረስ ይልካል፤ ወጪውን የአካባቢው አጋር ይሸፍናል። ኬንያ ውስጥ ፖስታ የሚደርሰው ሳጥን ቁጥር ላይ እንጂ ደጃፍ ላይ ስላልሆነ ሐሳቡ እንዳለ አይቀዳም። የኬንያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት በ1996 ጋሪሳ ላይ መጽሐፍ በግመል ማዞር የጀመረው መንገዱ ራሱ ስለጠየቀው ነው።

ይህን ስሰማ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ትዝ ይለኛል። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሳለ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ አጣ፤ “ሞኙ ማሞ”ን በሁለት ቋንቋ አሳተመ፤ በ2003 አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ ሐዋሳ ላይ ደግሞ አህያ የሚጎትተው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አዞረ። መጀመሪያ ያነሣው ጥያቄ የቋንቋ ነበር።

ናይሮቢም ጥያቄው ያው ነው። ልጁ ጎዳና ላይ ስዋሂሊና ሼንግ የተባለውን የከተማ ቅይጥ ቋንቋ ይናገራል፤ ከውጭ የሚመጣ ልግስና የያዘው ካርቶን ግን አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝኛ ብቻ ነው። አንድ የሩንዳ ድርጅት አሥር ካርቶን ከባሕር ማዶ ከማስመጣት ይልቅ መሀል ናይሮቢ ሪቨር ሮድ ላይ ላለ ማተሚያ ቤት ከፍሎ፣ በስዋሂሊ የተጻፉ ቀጫጭን መጻሕፍትን ለጊቶጎሮ ማቆያዎች ቢያሳትም፣ ማታ ከሥራ የምትመለሰው እናት ራሷ ልታነበው ትችላለች።