ደላላው ሲሯሯጥ ሥራ በዝቶ ነው?

የአምቦ ደላላ ከመስቀል ማግስት ጀምሮ ስልኩ ፋታ አይሰጠውም። ደዋዮቹ በብዛት የቤት ሠራተኛ የሚፈልጉ የአዲስ አበባ ባለትዳሮች ናቸው። «ለበዓል ብላ ሄዳ ቀረችብኝ፤ እባክህ ወንድሜ፣ ሌላ ልጅ ፈልግልኝ።» «እሺ እትዬ፣ እስከ ቅዳሜ እልካለሁ።» በዚያ ወር ያስቀጠራቸውን ቢቆጥር ከነሐሴው በእጅጉ ይበልጣል። ታዲያ ሥራ በዝቷል? ቤቱም ያው ነው፣ ወጥ ቤቱም ያው ነው፤ የተለወጠችው ልጅቱ ናት። ያቺ የቀረችው ደግሞ በሌላ ደላላ በኩል ሌላ ቤት ገብታ ሊሆን ይችላል። እሷ በገባችበትም ቤት አንዲት ወጥታ ከሆነ፣ ሁለት ቅጥር ተመዘገበ፤ አዲስ የተከፈተ ሥራ ግን አንድም የለም።

ገበያውን በአገናኞች በኩል መለካት ሌላ አገርም አለ፤ እንግሊዝ አገር የቀጣሪና የተቀጣሪ አገናኝ ድርጅቶች ማኅበር ከሒሳብና አማካሪ ድርጅቱ ኬፒኤምጂ ጋር ሆኖ በየወሩ አንድ ዘገባ ያወጣል። መጠይቁ የሚላከው ወደ 400 ለሚሆኑ አገናኝ ድርጅቶች ነው። ጥያቄው «ስንት ሰው አስቀጠራችሁ?» ሳይሆን «ካለፈው ወር በለጠ፣ አነሰ ወይስ ያው ነው?» የሚል ነው። ከ100 ድርጅት 40ው በለጠ፣ 40ው ያው ነው፣ 20ው አነሰ ቢሉ፣ «በለጠ» ያሉት እንዳሉ 40፣ «ያው ነው» ያሉት በግማሽ 20 ሆነው ይደመሩና ውጤቱ 60 ይመጣል። 50 ማለት ለውጥ የለም ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ ጭማሪ፣ ከዚያ በታች ቅናሽ። ይህ ቁጥር ስንት ኤጀንሲ ገበያው እንደደራለት እንጂ ስንት ሰው እንጀራ እንዳገኘ አይናገርም። ከአምቦ መናኸሪያ የሚወጣው ሚኒባስ ቀኑን ሙሉ ሞልቶ መሄዱ አዲስ አበባ ስንት ሰው እንደቀረ እንደማይነግረን ማለት ነው።

እንግሊዞቹ አንድ ነገር ያክሉበታል፤ የወቅቱን ግርግር ይቀንሳሉ። በገና ሰሞን ሱቆች ሰው መቅጠራቸው በየዓመቱ ያለ ነገር ነውና ያ ወጥቶ የቀረው ነው የሚነበበው። አምቦ ባለችበት በምዕራብ ሸዋ ይህን እናድርግ ብንል መጀመሪያ የምናገኘው እርሻውን ነው።

በጊንጪ ጥቁር አፈር ላይ ጤፍ የሚዘራው በክረምቱ እኩሌታ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳ፣ ቀጥሎ ውቂያ። አዲስ አበባ ሕንፃ ላይ ብሎኬት ሲያመላልስ የነበረው ወጣት በአጨዳ ጊዜ ወደ አባቱ ማሳ ይመለሳል፣ ኮንትራክተሩም «ሰው ጠፋ» ይላል። ጥር ላይ እህሉ ጎተራ ሲገባ እጆች ይፈታሉ። በሆለታ ዙሪያ ያሉት የአበባ እርሻዎች ደግሞ በጣም የሚጣደፉት በዚያው ሰሞን ነው፤ አውሮፓውያን አበባ የሚሰጣጡበት የፍቅረኞች ቀን የካቲት 7 አካባቢ ይውላል፣ የሴቶች ቀን የካቲት 29 ይከተላል። ቆራጭ፣ መዳቢና አሻጊ የሚፈለገው ያኔ ነው። ጉደር በበጋ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማው ገበሬ ግን ደላላ ጋ አይደውልም። ጠዋት ወጥቶ ሥራ ፍለጋ የቆሙትን ልጆች በቀን ዋጋ ይዞ ይሄዳል፤ ይህ ቅጥር የማንም ደብተር ላይ አይሰፍርም።

ከእርሻው ጎን የበጀቱ ዓመት አለ። ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሐምሌ 1 ይከፈታል፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቅጥርም ይህንኑ ተከትሎ ይሄዳል። የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎችም በዚሁ ሰሞን፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና ጭምር አልፈው፣ ዶሴያቸውን ይዘው መዞር ይጀምራሉ።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው የሙከራ ጊዜው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሙከራው እስከ 60 የሥራ ቀን ይደርሳል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት፣ ሠራተኛውም ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሄድ ይችላል። በሳምንት ስድስት ቀን የሚሠራ ከሆነ 60 የሥራ ቀን አሥር ሳምንት ነው። እንቁጣጣሽ ሰሞን የተቀጠረ የጥበቃ ሠራተኛ ሙከራው የሚያበቃው ኅዳር አጋማሽ ገደማ ይሆናል፤ ልክ አጨዳው ሲጠራው። የመስከረሙ ቅጥር በኅዳር ተመልሶ ክፍት ቦታ የሚሆነው በከፊል በዚህ ነው።

በዓላትም ቦታ ይቀይራሉ። ፋሲካ በ2016 ሚያዝያ 27 ነበር፤ በ2017 ሚያዝያ 12 ሆነ። ለፋሲካ አገሯ ገብታ የቀረችውን ልጅ የመተካቱ ሩጫ በ2016 ግንቦት ውስጥ ገባ፣ በ2017 ግን ሚያዝያን ሳይለቅ አለቀ። ሁለቱን ሚያዝያዎች አስተያይቶ «ገበያው አደገ» የሚል ሰው ያየው የፋሲካን መዞር ነው። ጳጉሜን ለብቻዋ ወር አድርጎ የሚቆጥርማ በአምስት ቀን ውስጥ የሥራ ገበያው ሲወድም ሊያይ ነው፤ ከነሐሴ ጋር መደመር ይሻላል።

ደላላው ለምን ይህን ሁሉ ወጪ ገቢ አይጠላም? የሚከፈለው በእያንዳንዱ ማገናኘት ነዋ። ልጅቱ አንድ ቤት ሦስት ዓመት ብትቆይ ለእሱ ትርፍ የለውም። ኤጀንሲ ውስጥ ጉዳዩ ትንሽ ይለያል፤ ከአሠሪው ጋር ሲዋዋል ልጅቱ በተባለው ጊዜ ውስጥ ከወጣች ምትክ ለማምጣት የሚገባ ስላለ፣ ቶሎ መውጣቷ ኪሳራው ነው። ጊዜው ካለፈ በኋላ ግን የእሱም ሐሳብ ከደላላው ብዙ አይርቅም። ኢትዮጵያ በ1991 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181 የግል ኤጀንሲ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ እንዳይቀበል በመርህ ይከለክላል። ወደ ውጭ ለሚሄዱትም የቪዛውና የደርሶ መልስ ቲኬቱ ወጪ የአሠሪው መሆኑን አዋጅ ቁጥር 923/2008 ደንግጓል። መንገድ ላይ ያለው ደላላ ግን ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ወገን ይቀበላል።

ስለዚህ ገበያውን ማወቅ የፈለገ ሰው ደላላውን «በዚህ ወር ስንት አስቀጠርክ?» ባይለው ይሻላል። «አምና በዚህ ሰሞን በስንት ነበር የምትልካቸው፣ ዘንድሮስ?» ብሎ ይጠይቀው። በግሉ ዘርፍ ለሁሉም የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሌለ ዋጋው ከወቅት ወደ ወቅት ይወጣል ይወርዳል። ሐምሌ ላይ ትምህርት ተዘግቶ ፈላጊው ሲበዛ ልጆቹ በተባሉት ይስማማሉ፤ ኅዳር ላይ «አይበቃኝም» ብለው ስልኩን ይዘጋሉ። የኑሮ ውድነቱን ከጭማሪው ላይ ቀንሶ፣ ከአምናው ኅዳር ጋር አስተያይቶ፣ አሁንም ትርፍ ካለ ሠራተኛ በእርግጥ ተፈልጓል።