የቤት ገመድ አልባ ኢንተርኔት፤ ፍጥነቱና መዘግየቱ

እንደሚታወቀው በአገራችን አብዛኛው ተጠቃሚ ኢንተርኔትን የሚያገኘው ወደ ቤቱ በተዘረጋ ሽቦ ሳይሆን በተንቀሳቃሽ ስልክ ኔትወርክ አማካይነት ነው። ቆቦና በዙሪያዋ ያለው የራያ ቆላማ ሜዳም ከዚህ የተለዩ አይደሉም። አንድ ቤተሰብ ሲም ካርድ የሚገባበት አነስተኛ ሞደም ይገዛል፤ ሞደሙም ከማማው የተቀበለውን በዋይ-ፋይ ለቤቱ ስልኮችና ለኮምፒዩተሩ ያከፋፍላል። ይሁን እንጂ ማታ ሁሉም ቤት ሲገባ፣ እናት ሳዑዲ ዓረቢያ ካለች ልጇ ጋር በምስል ስትነጋገር ድምፁ ይቆራረጣል፤ ተማሪው የከፈተው የትምህርት ቪዲዮም ቆሞ ይቀራል። በዚህ ጊዜ የሚቀናን መፍትሔ ተጨማሪ ጥቅል መግዛት ነው። ነገር ግን በጊጋባይት የሚሸጥ ጥቅል የሚጨምረው የምንጠቀምበትን የመረጃ ብዛት እንጂ የመስመሩን ቅልጥፍና አይደለም። ስለዚህ ገንዘቡ ወጥቶም ችግሩ ባለበት ይቀጥላል። በዚህ ጽሑፍ የችግሩን ምንጭ እንዴት መለየት እንደሚቻልና ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ ሊስተካከል የሚችለው የትኛው እንደሆነ እንመለከታለን።

ፍጥነትና መዘግየት አንድ አይደሉም

«ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ነው» ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ እየጠቀለልን ነው። ፍጥነት በአንድ ሰከንድ ውስጥ በመስመሩ የሚያልፈው የመረጃ መጠን ሲሆን፣ የሚለካውም በሜጋቢት ነው። መዘግየት ደግሞ አንዲት ትንሽ መልእክት ተልካ መልሷ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ሲሆን፣ የሚለካው በሚሊሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ሺኛ ነው።

ልዩነቱን ለመረዳት ወፍጮ ቤትን በምሳሌነት እንውሰድ። ወፍጮው በሰዓት ብዙ ኩንታል ማሽላ የሚፈጭ ኃይለኛ ሊሆን ይችላል። ሆኖም አንድ ቁና ጤፍ ይዛ የመጣች ልጅ አሥር ኩንታል ካስጫነ ነጋዴ ኋላ ከተሰለፈች የወፍጮው ኃይል እምብዛም አይረዳትም፤ የሚያስመሽት ወረፋው ነው። የጥሪ ድምፅ እንደ ቁናው ጤፍ ጥቂት ነው፤ የሚላክ ወይም የሚወርድ ቪዲዮ ግን እንደ ነጋዴው ጭነት ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለድምፅ ጥሪ የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ ይመክራል፤ ከ400 ሲያልፍ ተነጋጋሪዎች እርስ በርስ ቃል መነጣጠቅ ይጀምራሉ።

መዘግየቱ የት ነው ያለው?

መልእክታችን ሦስት ምዕራፎችን ይጓዛል፤ ከስልካችን እስከ ሞደሙ፣ ከሞደሙ እስከ ማማው፣ ከማማው እስከ ሩቁ ሰርቨር። በሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ተጠቃሚው ሥልጣን የለውም። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ የሚጓዘው በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመሆኑም 6,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ከሚገኝ ሰርቨር ጋር ደርሶ ለመመለስ ቢያንስ 60 ሚሊሰከንድ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ወረዳኔትና ስኩልኔት የተገለገሉባቸው ሳተላይቶች ደግሞ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ የሚገኙ በመሆናቸው፣ ጥያቄው ወጥቶ ወርዶ መልሱም እንደዚሁ እስኪመጣ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይወስድ ነበር። ይህን ማንም መሣሪያ ሊያሳጥረው አይችልም።

የቀሩትን ሁለት ምዕራፎች ግን «ፒንግ» በተባለው ቀላል ትእዛዝ መመርመር ይቻላል። በመጀመሪያ ወደ ራሱ ሞደም አድራሻ ፒንግ እናድርግ፤ አድራሻው በሞደሙ ጀርባ ወይም ግርጌ ተጽፎ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.8.1 ነው። መልሱ በጥቂት ሚሊሰከንድ ከመጣ ዋይ-ፋዩ ጤነኛ ነው። መቶዎች ከደረሰ ወይም መልእክቶች እየጠፉ ከሆነ ችግሩ ከቤት ሳይወጣ ተገኘ ማለት ነው። ቀጥሎ ወደ ውጭ ሰርቨር ፒንግ እናድርግ። በመጨረሻም አንድ ሰው ቪዲዮ እየላከ ሳለ ያንኑ እንድገመው። ቁጥሩ ከ80 ወደ 1,500 ከዘለለ ጥፋተኛው ወረፋው ነው።

የሞደሙ ሥፍራ

የራዲዮ ሞገድ በደረቅ የጭቃ ግድግዳ ውስጥ ተዳክሞም ቢሆን ያልፋል፤ የረጠበ ግድግዳ ይበልጥ ይይዘዋል፤ ቆርቆሮና የብረት በር ግን ወደ መጣበት ይመልሱታል። ስለሆነም ሞደሙን ከብረት በር ጀርባ፣ ከውኃ በርሜል አጠገብ ወይም በብረት ሳጥን ላይ ማስቀመጥ ተገቢ አይደለም። ወደ ማማው ዞሮ ባለ፣ የእንጨት ወይም የመስታወት መስኮት አጠገብ ከፍ አድርጎ ማኖር ይመረጣል።

ቅርቡ ማማ ሁልጊዜ የተሻለው ማማ ላይሆን ይችላል። በምሥራቅ በኩል ከዞብል ተራሮች ሥር ለተሠራ ቤት ተራራው የጋረደው ቅርብ ማማ፣ ሜዳው ላይ በግልጽ ከሚታየው ሩቅ ማማ ሊያንስ ይችላል። ለመፍረድ በሞደሙ ገጽ ላይ ሁለት ቁጥሮችን እንመልከት። የምልክቱ ጥንካሬ፣ «አርኤስአርፒ» የሚባለው፣ ወደ -80 ዲቢኤም ሲቀርብ መልካም ነው፤ ወደ -110 ሲወርድ ደካማ ነው። የምልክቱ ጥራት፣ «ኤስአይኤንአር»፣ ከ20 ሲበልጥ እጅግ ጥሩ ነው፤ ከዜሮ ሲያንስ መጥፎ ነው። ሞደሙን እያዘዋወሩ ቁጥሮቹን መመዝገብ ከግምት ያድናል። የቆላውን ሙቀትም መርሳት አይገባም፤ እኩለ ቀን ላይ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተሰቀለ ሞደም ከመጠን በላይ ሲግል ሥራውን ያቀዘቅዛል ወይም ይጠፋል።

በዋይ-ፋይ በኩል በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ እርስ በርስ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ናቸው፤ ሆቴልና ሱቅ በተደረደሩበት መንገድ ዳር ከእነዚህ ጭር ያለውን መምረጥ ይጠቅማል። የ5 ጊጋኸርዙ ሞገድ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ሲያገኝ ቶሎ ይደክማል፤ ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ ላሉ መሣሪያዎች ይስማማል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ጓሮ ካለው ማድ ቤት ሆኖ በደካማ ምልክት የሚጠቀም አንድ ስልክ ለጥቂት መረጃ ረጅም የአየር ጊዜ ስለሚወስድ የሌሎቹንም ድርሻ ይሻማል።

የወረፋው መድኃኒት

ሞደሞች ፈጥነው ሊልኩት ያልቻሉትን መረጃ በማጠራቀሚያ ያቆያሉ። በሰከንድ 1 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ላይ 256 ኪሎባይት ቢጠራቀም፣ ይህ 2.1 ሚሊዮን ቢት ያህል በመሆኑ፣ ከኋላው የመጣው ድምፅ ሁለት ሰከንድ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2012 ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን የወረፋውን የቆይታ ጊዜ እየለኩ የሚያሳጥር ዘዴ አቀረቡ። ከዚህ የተወለደው «ኤፍኪው-ኮደል» ባለ ቁናዎቹን በባለ ኩንታሎቹ መካከል የሚያሳልፍ ወፍጮ ቤት እንደማለት ነው። ይህ አማራጭ ያለው ራውተር የላኪውን ፍጥነት ከተለካው 85 በመቶ ገደማ ላይ እንዲወስን ይደረጋል። አማራጩ ለሌለው ቤትም መፍትሔ አለ፤ ፎቶዎችን ወዲያውኑ የሚልኩና ራሳቸውን የሚያድሱ ፕሮግራሞችን አግዶ ሥራቸውን ወደ ሌሊት ማዛወር፣ የቪዲዮ ጥራትንም ዝቅ ማድረግ።

ከቤት ውጭ ያለው ወሰን

ከላይ የተዘረዘሩት ሁሉ የሚሠሩት መስመሩ እስካለ ድረስ ነው። በምሽት ማማው በተጠቃሚ ሲጨናነቅ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ወይም እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል ለብዙ ወራት እንደሆነው የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ሲቋረጥ በሞደም ማዘዋወር የሚፈታ ነገር የለም። ነገር ግን ይህንን ከቤቱ ችግር ለይቶ ማወቅም ራሱ ጥቅም አለው። የሞደሙ ፒንግ ጤነኛ፣ የምልክቱ ጥራት መልካም፣ ወረፋውም አጭር ሆኖ ሳለ መስመሩ ከዘገየ ተጠቃሚው ቁጥሮቹን ከነሰዓታቸው መዝግቦ ለአገልግሎት ሰጪው አቤት ማለት ይችላል። በአንጻሩ ጥፋቱ ከብረት በሩ ጀርባ ከተገኘ ለጥቅል ሊወጣ የነበረው ገንዘብ ከኪስ አይወጣም። ስለዚህ ከመግዛት በፊት መለካት ይቅደም።