ሞተር ከተቀየረላት በኋላ ሰላም ያጣች ዲኤክስ

ሞተር የተቀየረላቸውን አሮጌ ኮሮላዎች የሚመለከት ጥያቄ በውስጥ መስመር ስለበዛብኝ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነው። ቡናችሁን ያዙ።

መጀመሪያ ሰው ለምን እንደሚቀይር። ዲኤክስ የምንላት ኬኢ70 ኮሮላ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣች፣ በኋላ ጎማዋ የምትነዳ መኪና ናት። ብዙዎቹ የያዙት 4ኬ የተባለውን ሞተር ነው፤ 1290 ሲሲ። አዲስ አበባ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ከባሕር ዳርቻ ሲነጻጸር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ካርቡራተር ያለው ሞተርም ጉልበቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል። አራት ሰው ጭኖ እንጦጦን የወጣ የምለው ይገባዋል። ስለዚህ 5ኬ ይፈለጋል። 1486 ሲሲ ነው፤ የፒስቶኑ ምት ያው 73 ሚሊ ሜትር ሆኖ የሲሊንደሩ ስፋት ከ75 ወደ 80.5 አድጓል፤ ከ4ኬው ካምቢዮ ጋርም ሳይጣላ ይታሰራል። በዚያ ላይ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አሮጌ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው፤ በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ። እጁ ላይ ያለችውን የሚያድስ ሰው ቢበዛ አይገርምም።

እኔ ደጋግሜ የማየው ግን ይህንን ነው፤ ብሎኖቹ ስለገቡ ሥራው ያለቀ ይመስላል። መኪናዋ ከጋራዥ ትወጣለች፣ ሁለት ሳምንት ትሄዳለች፣ ከዚያ ማስቸገር ትጀምራለች። ባለቤቱም «ያመጡልኝ ሞተር የሞተ ነው» ብሎ ሌላ ሞተር ፍለጋ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ይወርዳል። ብዙውን ጊዜ ሞተሩ ምንም አልሆነም። የተበላሸው ሞተሩ ከመኪናዋ ጋር የሚገናኝባቸው ቦታዎች ናቸው፤ ከዘይቱ፣ ከመቀመጫው፣ ከውሃው፣ ከሽቦው።

በቅርቡ የመጣችልኝ ዲኤክስ እንዲሁ ነበረች። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ፍሬን ሲይዙ የዘይት መብራት ብልጭ ይላል፤ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ስትጠጋ ወለሉ ይንዘፈዘፋል፤ ጠዋት ሲያስነሷት ከኮፈኑ ሥር የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። «ልጄ፣ ይሄኛውንም አውጥተን ሌላ እናስገባ ይሆን?» አሉኝ። «ኧረ ይቆዩ ጋሼ፣ ገንዘብዎን ይያዙ፤ መጀመሪያ ልየው» አልኳቸው።

የመጀመሪያው ሥራ ኮምፕሬሽን መለካት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ልጆች ይሳሳታሉ። አየሩ ስለሳሳ ጌጁ አዲስ አበባ ላይ መጽሐፉ ላይ ካለው ቁጥር ዝቅ ብሎ ያነባል፤ ያንን አይቶ «የፒስቶኑ ፋሻ አልቋል» ማለት ሞተርን ያለ ጥፋቱ መግደል ነው። አራቱን ሲሊንደሮች እርስ በርሳቸው አስተያዩ። በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው ልዩነት ከ15 ፒኤስአይ ካልበለጠ ሞተሩን ተዉትና ሌላ ቦታ ፈልጉ። የጋሼ ሞተር አራቱም ተቀራራቢ ነበሩ።

ከዚያ ከሥር ገባሁ። የዘይት መያዣው ኮፓ ላይ የብየዳ ጠባሳ አለ። ታሪኩ እንዲህ ነው። እዚህ የምናገኛቸው 5ኬዎች ብዙዎቹ ከላይትኤስ ወይም ከታውንኤስ ቫን የተፈቱ ናቸው። ቫኑ ላይ ሞተሩ የሚቀመጠው ከፊት ወንበር ሥር ስለሆነ ኮፓው የተሠራው ለዚያ ቦታ ነው፤ ዲኤክስ ላይ ሲመጣ አይስማማም። መፍትሔው ያን ያህል ከባድ አይደለም። የድሮውን የ4ኬ ኮፓ፣ የዘይት መምጠጫውን ቱቦና የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥቶ አዲሱ ሞተር ላይ ማሰር ነው። ሦስቱ አይነጣጠሉም። የጋሼን መኪና የሠራው ሰው ግን የቫኑን ኮፓ በግራይንደር ቆርጦ፣ ከፍ አድርጎ በብየዳ ዘግቶታል። መምጠጫውን አልነካውም። የኮፓው ወለል ወደ ላይ መጣ፣ የመምጠጫው ወንፊት ባለበት ቀረ።

የሁለቱን ክፍተት በዓይን ማየት ስለማይቻል የምንጠቀምበት ዘዴ አለ። ኮፓውን ፈትታችሁ በደንብ አጽዱ። ልጆች የሚጫወቱበትን ፕላስቲሲን ድብልብል አድርጋችሁ ወንፊቱ ላይ ለጥፉ። ኮፓውን ከነጓርኒሲዮኑ መልሳችሁ በጥቂት ብሎን ያዙትና እንደገና አውርዱት። የተጨፈለቀው ፕላስቲሲን ውፍረት በወንፊቱና በወለሉ መካከል ያለው ክፍተት ነው። ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ ጥሩ ነው። የጋሼ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ነበር። ወንፊቱ ወለሉን ሊስም ምንም አልቀረውም፤ ጠዋት ዘይቱ ወፍራም ሆኖ ሳለ ፖምፓው የሚስበው ያጣል ማለት ነው። ተቃራኒውም አለ። ወንፊቱ ከወለሉ ከራቀ ፍሬን ሲያዝ ወይም ኩርባ ላይ ዘይቱ ሲሸሽ አየር ይመጠጣል። በዚህ ላይ የተቆረጠው ኮፓ የሚይዘው ዘይት አንሷል፤ መለኪያው ዘንግ ደግሞ የሚያሳየው የቫኑን ልክ ነው። «ሙሉ ነው» ሲል ሙሉ አይደለም።

ሶማሌ ተራ የዲኤክስ ኮፓ ከነመምጠጫው ስላገኘን ያንን ገጠምን። ከመግጠማችን በፊት ግን አንድ የቢዬላ ኩሽኔታ ከፍቼ አየሁ። ዘይት የተራበ ሞተር መጀመሪያ የሚጎዳው እዚያ ነው። ላዩ ግራጫና ለስላሳ ከሆነ ተርፏል፤ ቀላ ያለ የመዳብ መልክ ከታየ ግን ሞተሩን ማውረድ ግድ ነው። ጋሼ ዕድለኛ ናቸው፣ ግራጫ ነበር። ከዚያ የዘይት መብራቱን ስዊች ፈትቼ በምትኩ ጌጅ አሰርኩ። መብራቱ የሚናገረው ነገሩ ካለፈ በኋላ ስለሆነ አላምነውም። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ለእያንዳንዱ ሺህ ዙር 10 ፒኤስአይ ገደማ ካሳየ በሰላም ይነዳል።

ንዝረቱ የመጣው ከሞተር መቀመጫው ነው። የቫኑ ሱፖርቶ ስላልገጠመ ብረት ተቆርጦ፣ ጎማ ሳይኖረው ሻንሲው ላይ በብየዳ ተለጥፏል። ጎማው የሌለ ሱፖርቶ የሞተሩን ትርታ በሙሉ ለቦዲው ይሰጣል፤ ውሎ አድሮም ብየዳውን ራሱን ይሰነጥቀዋል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ሞተሩ አፍንጫውን ቀና አድርጎ መቀመጡ ነው። ካምቢዮው ወደ ኋላ ሲያዘቀዝቅ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ በመጋጠሚያው (ክሮቼራ) ላይ ያለው ማዕዘን ይበላሻል። ማስተካከያው ከባድ ማሽን አይፈልግም፤ ስልካችሁ ላይ ያለው የዝንባሌ መለኪያ ይበቃል። መኪናዋ በአራት ጎማዋ ቆማ፣ የካምቢዮውን መውጫና የዲፈረንሻሉን መግቢያ ለኩ። ሁለቱ ማዕዘኖች እኩል፣ ዘንጎቹም ትይዩ መሆን አለባቸው፤ የአንድ ዲግሪ ልዩነት ቢኖር አይከፋም። የ4ኬውን ሱፖርቶ ከነጎማው መልሰን፣ ካምቢዮው ሥር ቀጭን ብረት አስገብተን ደረጃው ሲስተካከል ንዝረቱ ጠፋ።

አሁን ወደ ሽታው። ይህኛው ገርሞኛል ብል አልዋሽም። ጋሼ ቁልፍ ሲያዞሩ እጄን የቤንዚን መስጫው ገመድ ላይ ባደርግ ፈጀኝ። ምክንያቱ፣ ሞተሩ ሲቀየር ከሞተሩ ወደ ቦዲ የሚሄደው የማሳ ገመድ ሳይታሰር ቀርቷል። ሞተሩ የተቀመጠው ጎማ ባለው የካምቢዮ ሱፖርቶና ሞተሩን የሚነካው ፊቱ በቀለም በተሸፈነው የተበየደ ብረት ላይ ነው። ሞተሪኖው ከመቶ አምፔር በላይ ይስባል፤ ያ ሁሉ ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪ የሚመለስበት መንገድ ሲያጣ ያገኘውን ቀጭን ብረት ይይዛል፣ ማለትም የቤንዚን ገመዱን። ገመዱ ይግላል፣ የፕላስቲክ ሽፋኑ ይቀልጣል፣ አንድ ቀን ደግሞ ተጣብቆ ቤንዚን እንደሰጠ ይቀራል። ቁልቁለት ላይ ይህ ቢሆን አስቡት።

ምርመራው ቀላል ነው። ቮልት መለኪያውን አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብሎክ ላይ አድርጉና ሞተሪኖውን አዙሩ። ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው ደካማ ነው። ወፍራም የተጠለፈ ገመድ ከብሎክ ወደ ቦዲ፣ ቀለሙ እስኪለቅ በተፋቀ ብረት ላይ እሰሩ። ዋጋው ከምሳ አይበልጥም። እግረ መንገዳችሁን ዲናሞውን እዩ። የድሮ መኪኖች የቻርጅ መቆጣጠሪያቸው ከዲናሞው ውጪ፣ ለብቻው በሳጥን ነው፤ ከዘመናዊ ሞተር ጋር የመጣ ዲናሞ ግን ውስጡ ይዞታል። ሁለቱን አብሮ ማሰር ባትሪ ማቃጠል ነው። ሞተሩ ተነስቶ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካያችሁ ደህና ነው፤ ከ15 ካለፈ መኪናዋን አጥፉ።

ውሃን በተመለከተ፣ ቴርሞስታት አውጥቶ የመጣል ልማድ ይብቃን። የጋሼም ወጥቶ ተጥሎ ነበር። ያለ ቴርሞስታት ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ይሠራል፣ ቤንዚን ይበላል፣ በፍጥነትም ያልቃል። በደጋ አገር ከቴርሞስታቱ ይልቅ የሚያስፈራው የራዲያተር ክዳን ነው። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ክዳኑ ግፊት ከያዘ የመፍያው ነጥብ ከ110 በላይ ይወጣል፤ ላስቲኩ ካለቀ ግን ምንም ያልሆነ ሞተር ሊፈላ ይችላል። ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል ብላችሁ ቴስታታ ከማስወረዳችሁ በፊት ክዳን ቀይሩ። የቧንቧ ውሃም ብቻውን አትሙሉ፤ የእነዚህ ሞተሮች ቴስታታ አልሙኒየም ስለሆነ ይበላል።

ካርቡራተሩ ላይ ብዙ አልቆይም። ክፍት የቀሩትን የቫኩም ቀዳዳዎች ድፈኑ፣ የፍሬን ሰርቮውን ቱቦ በፋሼታ እሰሩ፣ ቤንዚን ለከፍታው ይቀነስ። የቤንዚን ቱቦ በሽቦ ታስሮ ማርሚታ አጠገብ ካገኛችሁ ግን ሌላ ሥራ ሁሉ ይቁምና እሱን አስተካክሉ። እሳት ቀጠሮ አይሰጥም።

የመጨረሻው ነገር ወረቀት ነው፤ መካኒኮች ስለማንናገረው ሰው የሚጎዳበት። ሊብሬ ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥር አለ። ሞተር ሲቀየር ቁጥሩ ካልተስተካከለ ለቦሎ ምርመራ ስትሄዱ ወይም መኪናዋን ልትሸጡ ስትሉ ነገሩ ይወጣል። ሞተር ስትገዙ ደረሰኝና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ሳትይዙ ገንዘብ አትክፈሉ። «በኋላ አመጣልሃለሁ» የሚል ሻጭ ወረቀቱ የለውም ማለት ነው።

ጋሼ ሌላ ሞተር አልገዙም። ያው 5ኬ አሁንም እየሠራ ነው፤ የወጣው ወጪም ለኮፓ፣ ለሱፖርቶ ጎማ፣ ለገመድ፣ ለቴርሞስታትና ለክዳን ብቻ ነው። የእናንተም መኪና እንዲህ ካስቸገረችና እንድመክራችሁ ከፈለጋችሁ ፎቶ ላኩልኝ። አደራ፣ ኮፈን ከፍታችሁ ከላይ ብቻ አታንሱ። ከሥር ኮፓውን፣ ሁለቱን ሱፖርቶዎችና ማሳው የታሰረበትን ቦታ አንሱና ላኩ።